ጅቡቲ፦ ኃያላኑ ሁሉ የተከራዩባት ጎረቤታችን (ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች)

ስለ ጅቡቲ ወሬ በተነሳ ቁጥር የሚመጡትን ጥያቄዎች ሰብስቤ የማውቀውን ጽፌያለሁ፤ ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጅቡቲ ምን ስላላት ነው ኃያላኑ የሚረባረቡባት?

ምንም ስለሌላት ብል ቀልድ ይመስላል። ወርቅ የላትም። ነዳጅ አታወጣም። የሚታረስ መሬት አላት ለማለትም ይከብዳል። ስፋቷ 23,200 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ሕዝቧ አንድ ሚሊዮን ቢሆን ነው፣ እኛ ክረምት ገባ ብለን ጃኬት ስናወጣ እዚያ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ያላት አንድ ነገር ቦታዋ ነው።

ካርታ አውጡና ቀይ ባሕር በደቡብ በኩል የሚያልቅበትን ተመልከቱ። ባሕሩ እየጠበበ ሄዶ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ይቀራል። ይህ ባብ ኤል መንደብ ነው፤ በዓረብኛ የእንባ በር እንደማለት። ከእስያ ተነስቶ በስዊዝ ቦይ ወደ አውሮፓ የሚሄድ መርከብ በዚህች በር ካላለፈ አፍሪካን በደቡብ ዞሮ መሄድ አለበት፣ ይኼ ደግሞ አሥር ቀን ገደማ ተጨማሪ ጉዞና የዚያን ያህል ነዳጅ ነው። በበሩ ዙሪያ ማን አለ? የመን ጦርነት ላይ ነች። ኤርትራ በሯን ዘግታ የኖረች አገር ነች። ሶማሊያ ከ1991 ወዲህ የሆነውን እናውቃለን። ሰላም ያለው፣ ወደብ ያለው፣ "ግቡ" የሚል መንግሥት ያለው ሲፈለግ ጅቡቲ ብቻ ትቀራለች። ግማሹን ዋጋ የሰጧት ጎረቤቶቿ ናቸው ማለት ነው።

አሁን እዚያ የእነማን ጦር አለ?

የራሳቸው ሰፈር ያላቸው አምስት ናቸው፦ ፈረንሳይ፣ አሜሪካ፣ ጃፓን፣ ጣሊያንና ቻይና። ፈረንሳይ ከቅኝ ግዛት ዘመን ጀምሮ አለች፣ 1,500 ገደማ ወታደር አላት፤ ከማሊ፣ ከኒጀር፣ ከቻድና ከሴኔጋል ከወጣች በኋላ አፍሪካ ውስጥ የቀረላት ትልቁ ሰፈር ይኸው ነው። አሜሪካ ከመስከረሙ የኒውዮርክ ጥቃት በኋላ በ2002 መጥታ የፈረንሳይ ሌጅዮን የነበረውን ካምፕ ሌሞኒየን ያዘች። አሁን 4,000 ያህል ሰው አላት፣ አፍሪካ ውስጥ ያላት ቋሚ የጦር ሰፈርም እሱ ብቻ ነው።

ጃፓን በ2011 ገባች። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ ከአገሯ ውጪ የከፈተችው የመጀመሪያ ሰፈር ነው፤ ያን ሁሉ ዓመት ጦር ወደ ውጭ አልክም ስትል የኖረች አገር የሶማሊያ የባሕር ወንበዴ አስወጣት። ጣሊያን በ2013፣ ቻይና በ2017። ለቻይናም ከግዛቷ ውጪ የመጀመሪያዋ ነው። ስፔንና ጀርመን ሰፈር ሳይገነቡ ለባሕር ወንበዴው ዘመቻ ወታደር ሲልኩ ኖረዋል። ሳዑዲ ዓረቢያም "ልገነባ ነው" ካለች ዓመታት አልፈዋል፤ እስካሁን የታየ ነገር የለም።

አሜሪካና ቻይና በአንድ ከተማ ዳር እንዴት አብረው ይኖራሉ?

እንደ ሁለት የተኳረፉ ተከራዮች። አጥር አይጋሩም፣ ግን አንዱ የሌላውን ግቢ ሳያይ ውሎ አያድርም። በሁለቱ ሰፈሮች መካከል ያለው ርቀት በመኪና አጭር መንገድ ነው፤ የቻይናው ዶራሌ ወደብ አጠገብ፣ የአሜሪካው ከአውሮፕላን ማረፊያው ጋር የተያያዘ።

ጠቡ በግልጽ የወጣው በ2018 ነው። አሜሪካ "ከቻይና ሰፈር በኩል በተለቀቀ ሌዘር አብራሪዎቼ ዓይናቸው ተጎዳ" ብላ መደበኛ አቤቱታ አቀረበች። ቻይና ካደች። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ አሜሪካኖቹ ቻይናዎቹ ሰፈራቸው አካባቢ የአየር ክልሉን ሊዘጉብን ይሞክራሉ ብለው ተናገሩ። ጅቡቲ? ዝም። አከራይ በተከራዮች ጠብ መሀል ገብቶ አንዱን ቢያስከፋ የወሩን ኪራይ ነው የሚያጣው።

ለመሆኑ ስንት ይከፍላሉ?

ሰው ከሚያስበው ያነሰ። አሜሪካ በ2014 በታደሰው ውል በዓመት 63 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ትከፍላለች። የቻይናው 20 ሚሊዮን ዶላር ነው ተብሎ ይነገራል። ፈረንሳይ ለብዙ ዓመት 30 ሚሊዮን ዩሮ ስትከፍል ቆይታ በ2024 ውሉ ሲታደስ ዋጋው ከፍ አለ። የሁሉም ሲደመር ከ100 ሚሊዮን ዶላር ያልፋል። ለትንሽ አገር ቀላል ገንዘብ አይደለም፤ ግን ኢትዮጵያ ብቻዋን ለወደብና ለተያያዘው አገልግሎት በዓመት የምትከፍለው ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ እንደሆነ ነው የሚነገረው። ስለዚህ ጅቡቲ ውስጥ ከጄኔራሉ ይልቅ የተሳቢ ሹፌሩ ነው ብዙ ገንዘብ ይዞ የሚገባው።

ታዲያ ለምን ታከራያለች? ለጥበቃ። በ2008 ከኤርትራ ጋር ራስ ዱሜራ ላይ ስትዋጋ ፈረንሳይ በስንቅና በሕክምና ረድታታለች። አምስት ጦር በተቀመጠባት አገር ላይ ደግሞ ማንም ጎረቤት በቀላሉ እጁን አያነሳም። የእኛ ሰው "ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል" ይላል፤ ጅቡቲ አምስት ተክላለች።

ሌላ ብዙ የማይወራ ነገር አለ፦ የጅቡቲ ፍራንክ ከ1949 ጀምሮ ከዶላር ጋር የታሰረ ነው፤ ዛሬም አንድ ዶላር 177.7 ፍራንክ ነው። በየጊዜው ምንዛሬው ለሚቀያየርበት ለእኛ ነጋዴ ይህ ተረት ይመስላል። ያንን ዋጋ ይዞ ለመቆየት ዶላር በቋሚነት መግባት አለበት፤ ኪራዩ ከዚህ አንጻር ከመጠኑ በላይ ይጠቅማል።

ፈረንሳይ መጀመሪያ እዚያ ምን አስገባት?

የድንጋይ ከሰል። በ1862 ፈረንሳይ ኦቦክ የምትባለውን ጠረፍ ከአፋር ሹማምንት በ10,000 ማርትሬዛ ብር ገዛች። አዎ፣ በእኛው ጠገራ ብር። ከዚያ ሃያ ዓመት ያህል ረስታት ተቀመጠች። ቦታዋ ዋጋ ያገኘችው በ1884 እና 85 ፈረንሳይ ከቻይና ጋር ስትዋጋ ነው፤ እንግሊዞች "ገለልተኛ ነን" ብለው ኤደን ላይ ለፈረንሳይ የጦር መርከቦች ከሰል ከለከሉ፣ ፈረንሳይም የራሷ ማደያ ያስፈልጋት ጀመር። ፈረንሳይ እዚህ ጠረፍ ላይ በደንብ የተተከለችው ከቻይና ጋር ስለተዋጋች መሆኑን ዛሬ ሳስበው ያስቀኛል።

ከዚያ ምኒልክ ፈቅደው ባቡሩ መጣ። በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። "ለገሃር" የምንለው ቃል ራሱ የፈረንሳይኛው የባቡር ጣቢያ ነው። የአገሪቱ ስም ግን ስንት ጊዜ ተቀያየረ፦ የፈረንሳይ ሶማሌ ጠረፍ፣ ከ1967 ሕዝበ ውሳኔ በኋላ የአፋርና የኢሳ ግዛት፣ በመጨረሻም ሰኔ 27 ቀን 1977 የጅቡቲ ሪፐብሊክ። ባንዲራው ወረደ፣ ጦሩ ቀረ።

ቻይናስ መቼ ገባች?

በጦር ሳይሆን በወደብ ነው የገባችው። በ2013 የቻይና መንግሥት የሆነው ቻይና መርቻንትስ የጅቡቲን ወደብ ድርጅት 23.5 በመቶ ድርሻ ገዛ። ከዚያ ተከታትሎ መጣ። የአዲስ አበባ ጅቡቲ ባቡር አለ፤ 752 ኪሎ ሜትር ነው፣ በቻይና ኤግዚም ባንክ ብድር፣ በቻይና ተቋራጮች የተሠራ። ከኢትዮጵያ ሶማሌ ክልል ተነስቶ ለጅቡቲ ከተማ የሚጠጣ ውሃ የሚወስደው ቧንቧ አለ። በ2017 ዶራሌ ሁለገብ ወደብ፣ በ2018 ነፃ የንግድ ቀጣና።

ጦሩ የመጣው ከዚህ አብዛኛው በኋላ ነው። ቻይና ከ2008 መጨረሻ ጀምሮ የባሕር ወንበዴ ለመከላከል መርከቦች ትልክ ነበር፣ ነዳጅና ውሃ የሚሞሉበት ቦታ ያስፈልጋቸዋል። በ2015 የመን ውስጥ ጦርነት ሲነሳ ዜጎቿን በጦር መርከብ አውጥታ ያመጣችው ወደ ጅቡቲ ነው። ከዚህ በኋላ "ሰፈር ይኑረኝ" ማለቷ ማንንም አላስገረመም። እሷ ስሙን "የድጋፍ ጣቢያ" ትለዋለች። የአሜሪካ ጄኔራሎች ግን የተጨመረው የመርከብ ማቆሚያ አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ የሚያስጠጋ ነው እያሉ ይናገራሉ።

"የዕዳ ወጥመድ" የሚባለው እውነት ነው?

በከፊል። ዕዳው እውነት ነው፤ ጅቡቲ ለውጭ አበዳሪዎች ካለባት ዕዳ ከግማሽ በላዩ የቻይና ነው። ባቡሩ የታሰበውን ያህል ጭነት በጊዜው አልጫነም። ኃይል እየተቆረጠበት፣ ግመል እየገጨ ከባለቤቶቹ ጋር ካሳ ላይ እየተጨቃጨቀ ነው የመጀመሪያ ዓመቶቹን ያሳለፈው። በ2022 መጨረሻ ጅቡቲ ለቻይና የምትከፍለውን አቆመች።

ወጥመድ ቢሆን ኖሮ ቻይና ያኔ ወደቡን መንጠቅ ነበረባት። አልነጠቀችም። እንደማንኛውም አበዳሪ ተቀምጣ መደራደር ነው የያዘችው። ከእኛ ጋርም በ2018 የባቡሩን ዕዳ የመክፈያ ጊዜ ከ10 ዓመት ወደ 30 ዓመት አራዝማለች። ትንሽ ብድር ተበዳሪውን እንቅልፍ ይነሳል፣ ብዙ ከሆነ አበዳሪውንም ይነሳል። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፦ ውሎቹን ሕዝቡ አያያቸውም። ወለዱ ስንት ነው፣ መያዣው ምንድን ነው፣ አለመግባባት ቢነሳ ዳኛው ማነው? ለጅቡቲም ለእኛም ያው ነው።

ዲፒ ወርልድን ያባረሩት ለምንድን ነው?

ይህ ታሪክ ከቻይናው ዕዳ በላይ ስለ ጅቡቲ ጠባይ ይናገራል ብዬ አምናለሁ። የዱባዩ የወደብ ድርጅት ዲፒ ወርልድ በ2006 ዶራሌ ላይ ኮንቴይነር ተርሚናል ለመገንባትና ለ30 ዓመት ለማስተዳደር ተዋዋለ። ተርሚናሉ በ2009 ተከፈተ። ጥሩ ሠራ። ከጊዜ በኋላ ግን መንግሥት "ውሉ ሉዓላዊነቴን ይጎዳል፣ ሌላ ወደብ እንዳልሠራ ያስረኛል" ማለት ጀመረ። የካቲት 2018 ላይ ውሉን ሰርዞ ተርሚናሉን ወሰደ። ዲፒ ወርልድ ለንደን ወዳለው የግልግል ፍርድ ቤት ሄዶ ደጋግሞ ረታ፤ በ2019 ብቻ 385 ሚሊዮን ዶላርና ከዚያ በላይ ይከፈለው ተብሎ ተፈረደለት። ጅቡቲ አልቀበልም አለች። በ2025 ደግሞ በወደቡ ድርጅት ላይ ያቀረበው ሌላ ክስ ውድቅ ሆነበት። ክርክሩ ዓመታት ፈጅቷል።

መዘዙ ከፍርድ ቤቱ አልፏል። ተርሚናሉ ከመወሰዱ በፊት በ2015 የኤምሬትስና የጅቡቲ ባለሥልጣናት በሌላ ነገር ተኳርፈው ኤምሬትስ የየመኑን ጦርነት የምታግዝበትን ሰፈር ወደ አሰብ ወሰደች። በ2016 ዲፒ ወርልድ ሶማሌላንድ ውስጥ በርበራ ወደብ ላይ ገባ። ዛሬ የጅቡቲ ተፎካካሪ ሆኖ የሚነሳው በርበራ በከፊል የዚያ ኩርፊያ ልጅ ነው። በጅቡቲ ትንሽነት ተታልሎ "የምላትን ትሰማለች" ብሎ የገባ ሁሉ ይህንን ቢያስታውስ ጥሩ ነው።

ኢትዮጵያ በዚህ ውስጥ የት ነው ያለችው?

መሀል ላይ። ከ1998 የኤርትራ ጦርነት ጀምሮ አሰብና ምፅዋ ተዘግተው ከገቢና ወጪ ንግዳችን 90 በመቶና ከዚያ በላይ የሚያልፈው በጅቡቲ ነው። ማዳበሪያው፣ ነዳጁ፣ የስንዴ ዕርዳታው፣ መኪናው። አስመጪ ከሆናችሁ ዲመሬጅ (ኮንቴይነር ሲዘገይ የሚከፈል ቅጣት) የሚባለውን ቃል ማንም ሳያስተምራችሁ ታውቁታላችሁ። ትራንዚተሩ "ዛሬ ይወጣል" እያለ ኮንቴይነሩ ዶራሌ ላይ ቀን ሲቆጥር፣ ሒሳቡም አብሮ ሲቆጥር።

የአክስቴ ልጅ በዚህ መስመር ተሳቢ ይነዳል። ጋላፊ ድንበር ላይ ወረፋ ሲይዝ ከመኪናው ሥር ምንጣፍ ዘርግቶ ነው የሚተኛው፤ ጀሪካኑን በእርጥብ ጆንያ ይጠቀልለዋል፣ ያለዚያ ውሃው ለሻይ የተጣደ ይመስላል። ስለ ቻይናና ስለ አሜሪካ ስጠይቀው "እኔ ሰፈራቸውን ከውጭ ነው የማየው፣ አጥሩ ረጅም ነው" ይለኛል። ስለ መንገዱ ጉድጓድ ግን አንድ ሰዓት ያወራል።

ነገሩ ግን ወደ አንድ ወገን ብቻ የሚሄድ አይደለም። ጅቡቲ ከ2011 ጀምሮ መብራት ከእኛ ትገዛለች። የምትጠጣው ውሃ በከፊል ከእኛ ነው። አትክልቱ ከእኛ ነው። ጫቱማ አይወራ፤ ከሐረርጌ በኩል የሚሄደው ጭነት በቀትር አካባቢ ካልደረሰ ከተማው ሁሉ ይነጫነጫል። የኢትዮጵያ ጭነት ነገ ቢቆም ወደቡ ውስጥ የሚቀረው ክሬን ነው። ፕሬዚዳንቱ ኢስማኤል ኦማር ጌሌ የተወለዱት ድሬዳዋ ነው፣ አማርኛም ይናገራሉ። የምንደራደረው በደንብ ከሚያውቀን ሰው ጋር ነው።

እነዚያ የጦር ሰፈሮች ለኢትዮጵያ ስጋት አይደሉም?

ይህ ጥያቄ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከፍርሃት ጋር ነው፣ ፍርሃቱም ከመሬት የተነሳ አይደለም፤ መውጫ በርህ ላይ አምስት የሰው ጦር ቁጭ ብሎ ምንም አይሰማኝም የሚል አገር የለም። ግን እስካሁን የሆነውን እንይ። ከካምፕ ሌሞኒየና ከከተማው ውጭ ካለው የቻበሌ ማረፊያ የተነሱ የአሜሪካ ድሮኖች የሄዱት ወደ የመንና ወደ ሶማሊያ ነው። ቻይና፣ ጃፓንና ፈረንሳይ ዓይናቸው ባሕሩ ላይ ነው። ሰፈሮቹ ያዳምጣሉ? ያዳምጣሉ እንጂ! እዚያ ተቀምጦ ጆሮውን የሚደፍን የለም።

መስመራችን በተግባር የተዘጋባቸውን ጊዜያት ካየን ግን የዘጋው የውጭ ጦር አልነበረም። በ2021 ክረምት በአፋርና በሶማሌ አዋሳኝ በተነሳ ግጭት የተቆጡ ወጣቶች ባቡሩንና መንገዱን ዘጉት። በዚያው ዓመት መጨረሻ ጦርነቱ ወደ ሚሌ ሲጠጋ አገር ሁሉ ትንፋሹን ውጦ ነበር። ከጋላፊ ማዶ ያለው ስጋት ከጋላፊ ወዲህ ካለው አይበልጥም፣ ቢያንስ እስከዛሬ።

በርበራ ወይም አሰብ ቢከፈት ጅቡቲ ያልቅላታል?

አያልቅላትም፣ ግን ትደነግጣለች። ጥር 1 ቀን 2024 ኢትዮጵያ ከሶማሌላንድ ጋር የመግባቢያ ስምምነት ስትፈርም ሞቃዲሾ ተቆጣች፣ ግብጽ ከሶማሊያ ጋር ተጠጋጋች፣ ቱርክ አስታራቂ ሆና በታኅሣሥ አንካራ ላይ አቀራረበቻቸው። በዚህ መሀል ጅቡቲ ምን አደረገች? የታጁራን ወደብ ሙሉ አስተዳደር ለኢትዮጵያ እንስጥ ብላ ሐሳብ አቀረበች። ደንበኛ ሌላ ሱቅ ሲያይ ባለሱቁ ዋጋ እንደሚቀንሰው ነው።

ይህን ሐሳብ ያቀረቡት የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ማሕሙድ አሊ ዩሱፍ በ2025 የአፍሪካ ኅብረት ኮሚሽን ሊቀ መንበር ሆነው አዲስ አበባ ገቡ። የበርበራ መንገድ እስኪሟላ፣ የአሰብ ፖለቲካ እስኪለዝብ፣ የኬንያው ላሙ ወደብም እስኪቀርብ ጊዜ ይወስዳል። ባቡሩ ደግሞ የሚሄደው ወደ ጅቡቲ ብቻ ነው፤ ሐዲድ ነቅሎ ሌላ ቦታ መውሰድ አይቻልም። ስለዚህ አማራጭ መፈለጉ ትክክል ነው፣ ዋጋ ያስቀንሳል፤ "ጅቡቲን እንተዋት" የሚለው ግን ገና የፌስቡክ ወሬ ነው።

የጅቡቲ ሕዝብ ከዚህ ሁሉ ምን አገኘ?

እዚህ ላይ ነው ሥዕሉ የሚደበዝዘው። አዲስ ሕንፃ አለ፣ ወደቡ ዘምኗል፣ የአሜሪካው ሰፈር ለአገሬው ሰዎች ሥራ ይሰጣል። ግን ወደብና የጦር ሰፈር ብዙ ሰው የሚቀጥሩ ነገሮች አይደሉም፤ ክሬኑን የሚያንቀሳቅሰው ጥቂት ሰው ነው። ሥራ አጥነቱ ከባድ ነው። ከወደቡ ብዙም ሳይርቅ ባልባላ የሚባል ሰፈር አለ፣ ብዙው ቤት ቆርቆሮ ነው። በዚያ ሙቀት ቆርቆሮ ማለት ምን እንደሆነ አስቡት።

ፖለቲካውም እንደዚያው። ጌሌ ከ1999 ጀምሮ ሥልጣን ላይ ናቸው። በ2010 የሁለት ጊዜ ገደቡ ከሕገ መንግሥቱ ወጣ፣ በ2021 ምርጫ ከ97 በመቶ በላይ ድምፅ አገኙ ተባለ፣ በ2025 ደግሞ የ75 ዓመት የዕድሜ ገደቡ ተነሳ። ሌላ ቦታ ቢሆን ዋሽንግተንና ፓሪስ መግለጫ ያወጡ ነበር። እዚህ ድምፃቸው ሹክሹክታ ነው። ተከራይ ስለ አከራዩ የቤተሰብ ጉዳይ ጮክ ብሎ አያወራም። ለእኔ የውጭ ተጽዕኖ ትልቁ ዋጋ ይኼ ነው፤ ጦሩ መንግሥትን አያዝም፣ ግን መንግሥትን የሚጠይቅ ሰው ከውጭ ሰሚ አያገኝም።

ሁቲዎች መርከብ ሲመቱ ጅቡቲ ለምን አልተሰለፈችም?

ስለማያዋጣት። ከኅዳር 2023 ጀምሮ የየመኖቹ ታጣቂዎች ሁቲዎች መርከቦችን ሲያጠቁ ትልልቆቹ የመርከብ ድርጅቶች መንገዳቸውን ወደ ደቡብ አፍሪካ አዞሩ። አሜሪካ በታኅሣሥ ጥምረት አቋቋመች። በደጃፏ እየተተኮሰ፣ የአሜሪካ ጦር ግቢዋ ውስጥ ተቀምጦ፣ ጅቡቲ ጥምረቱ ውስጥ አልገባችም። ፊት ለፊቷ የመን ናት። በመሀል ያለው ውሃ ጠባብ ነው፤ ከየመን የሚሸሹ ስደተኞች በጀልባ ይሻገሩታል፣ በተቃራኒው ደግሞ የእኛ ልጆች ከኦቦክ ተነስተው ወደ ሳዑዲ ለመሄድ ይሻገሩታል፣ ስንቱም ሰምጧል። ሚሳይልም ያንን ርቀት አይፈራውም።

እንደዚህ ዓይነት ጊዜ ላይ ነው "ተጽዕኖ" የሚለው ቃል ልኩ የሚታየው። አሜሪካ በጅቡቲ ላይ ተጽዕኖ የላትም ማለት ውሸት ነው። ግን 63 ሚሊዮን ዶላር የሚገዛው መሬትና የሚነሳበት ቦታ እንጂ የሌላ ሰው ጦርነት ውስጥ ስም ማስመዝገብን አይደለም።

አሜሪካና ቻይና ቢዋጉ ጅቡቲ ከማን ጋር ትቆማለች?

ከማንም ጋር ላለመቆም የቻለችውን ታደርጋለች። እንደምትችል ግን እጠራጠራለሁ። እስካሁን የሠራው ዘዴ ሁሉም ሲፎካከር እንጂ ሲዋጋ የሚሠራ ነው። ስለ ዝሆኖቹ ጠብና ስለ ሣሩ የሚባለውን ተረት ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ጅቡቲ ሣሩን ማከራየት ጀመረች፣ ብልሃቷ እሱ ነው። ዝሆኖቹ ከምር ከተያያዙ ግን ከሁሉ በፊት የሚጠፋው የኪራይ ውሉ ነው።

እስከዚያው ግን አከራይዋ እሷ ነች፣ ይህንንም በትናንሽ ነገሮች ታሳያለች። በ2013 የአሜሪካ ድሮኖች ደጋግመው ሲከሰከሱና የመንገደኛ አውሮፕላኖችን ሲያሰጉ "ከከተማዬ አውጡልኝ" አለች፣ አሜሪካኖቹም ድሮኖቹን ጠቅልለው ወደ ቻበሌ በረሃ ሄዱ። የቀሩት አውሮፕላኖቻቸው አሁንም አምቡሊ ማረፊያ ላይ ናቸው። ማኮብኮቢያው አንድ ነው። የአሜሪካው ጭነት አውሮፕላን፣ የፈረንሳዩ ተዋጊ ጄት፣ የጃፓኑ የባሕር ቃኚና ከቦሌ የመጣው የእኛ አየር መንገድ አውሮፕላን በዚያችው አስፋልት ላይ ተራ ይጠብቃሉ፤ ማማው ላይ ተቀምጦ "አንተ ቅደም፣ አንተ ቆይ" የሚለው ደግሞ ጅቡቲያዊ ነው።